አዲስ ሰው መጥቶ አይመለስም፤ ምን እናድርግ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለሥራ የመጡ ሰዎች እሁድ እሁድ ያስቀድሳሉ። ሁለት ሳምንት አያቸዋለሁ፣ በሦስተኛው የሉም።

ባለፈው አንዷን ገበያ አግኝቼ ጠየቅኳት። «ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ነው የሚያወራው። ስምሽ ማነው ያለኝ የለም» አለችኝ። አፈርኩ። እኔም እኮ አጠገቧ ቆሜ አውቃለሁ! ጠበል ጻዲቅ ስንቀምስ እንኳ የምንጠራራው በትውውቅ ነው።

በር ላይ እንግዳ ተቀባይ እናቁም ብል «ሆቴል ነው እንዴ?» ተባልኩ። ትንሽ እውነት አላቸው። ግን ዕብራውያን 13፥2 እንግዳ መቀበልን አትርሱ ይል የለ?

የጽዋ ማኅበሮቻችንም ሞልተዋል። ለአዲሶቹ ብቻ ሌላ ጽዋ ብንጀምር ይባስ ይገለሉ ይሆን? እናንተ ጋ ሰው ሳይሳቀቅ እንዴት ነው የምታላምዱት?