ወንድሜ ትራማዶል ማቆም አቅቶታል፤ ሐዋሳ ውስጥ የት ላሳክመው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ ገና 20 ዓመቱ ነው። አምና ሞተር ገጭቶት እግሩ ሲሰበር ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። እግሩ ከዳነ ቆየ፤ ኪኒኑ ግን አልቀረም። አሁን ያለ ማዘዣ ከሚሸጥለት ሰው ይገዛል። ጓደኞቹም ይወስዳሉ። "የሐኪም መድኃኒት እኮ ነው፣ ምን ታካብጃለሽ?" ይለኛል። ትናንት ጂንሱን ላጥብ ስል ከኪሱ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ወጣ። አንድ ፍሬ አልቀረበትም።

እሱም መሮታል። ለማቆም ሞክሯል። ግን ሳይወስድ ካደረ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አይዞርም። እማዬ ምስኪን ወባ ነው ብላ ደም ታስመረምረዋለች። እስካሁን አልነገርኳትም፤ ደም ግፊት አለባት።

ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሊያስቆመው እንደሚችል አውቃለሁ። ሲበዛ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም እንደሚችልም አውቃለሁ። እሱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣል። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሱስ ያሳከመ ሰው አለ? አስተኝተው ነው ወይስ በምልልስ? ወይስ አዲስ አበባ አማኑኤል ይሻላል? ለፖሊስ ይሰጡኛል ብሎ ይፈራል። ምን ብዬ ላሳምነው? በናታችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ መልሱልኝ።