ከሥር የሰደደ ሕመም ጋር የሚኖሩ ወጣቶች አቻዎቻቸውን ለመደገፍ ይቀጠሩን?

አወያይ፦
ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ከሥር የሰደደ ሕመም ጋር የሚኖሩ ወጣቶች ሠልጥነውና ክፍያ ተቆርጦላቸው ተመሳሳይ ሕመም ላለባቸው ታዳጊዎች ድጋፍ እንዲሰጡ የጤና ተቋማት ሊቀጥሯቸው ይገባል ወይ የሚል ነው።

የሕፃናት ሐኪም፦
በጎነቱን ባልክድም በቅጥር መልክ መደረጉን እቃወማለሁ። ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለባቸው አንዳንድ ታዳጊዎች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ኢንሱሊናቸውን ሆን ብለው ይዘልላሉ፤ ይህም ደማቸው በኪቶን አሲድ ተበክሎ እስከ ሞት ለሚያደርስ አደጋ ያጋልጣቸዋል። እንዲህ ያለው ልማድ ከእኩያ ወደ እኩያ ሊጋባ ይችላል። በዘር የሚወረሰው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸው ደግሞ ለሳንባቸው አደገኛ የሆኑ ባክቴሪያዎችን እርስ በርስ ስለሚያስተላልፉ በአካል እንዳይገናኙ ይመከራሉ።

ከዓይነት 1 የስኳር በሽታ ጋር የምትኖር ወጣት፦
ዶክተር፣ ስለ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያነሡት እውነት ነው፤ ነገር ግን ታማሚዎቹ የተከለከሉት በአንድ ክፍል መቀመጥን እንጂ በስልክና በቪዲዮ መነጋገርን አይደለም። ስለ ኢንሱሊን ግን ልከራከርዎት እወዳለሁ። ይህን ምስጢር የያዘች ልጅ ቁጣን ስለምትፈራ ለሐኪሟ፣ ማስጨነቅ ስለማትፈልግ ለእናቷ አትናገርም፤ ብትናገር የምትናገረው በዚያው መንገድ አልፋ ለወጣች እኅት ነው፣ ያውም ከተገኘች። ታዳጊዎች ዛሬም ቢሆን እኩዮቻቸውን ይሰማሉ፤ የሚያከራክረን የሚሰሙት ሰው የሠለጠነ ይሁን ወይስ ያልሠለጠነ የሚለው ሊሆን ይገባል።

በጉርምስና ጊዜ የሚጨምሩት ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ኃይል ስለሚያዳክሙ ቀድሞ በቂ የነበረው መጠን አልበቃ ይላል፤ ስኳሩ ሲያሻቅብ ግን ቤተሰብ የሚያየው የልጁን ቸልተኝነት ነው። ሆርሞኑን ሐኪም ያስረዳል። በፈተና መካከል ስኳሯ ወርዶ እጇ ሲንቀጠቀጥ አስተማሪዋን እንዴት እንደምትጠይቅ፣ መርፌዋን መጸዳጃ ቤት ሳትደበቅ የት እንደምትወጋ፣ ለወደደችው ልጅ ስለ ሕመሟ መቼ እንደምትነግረው ማሳየት ግን የኖረበት ሰው ሥራ ነው። ይህን ያህል ሥራ በነፃ መጠየቅም አግባብ አይመስለኝም።

የአቻ ድጋፍ አስተባባሪ፦
ከዚምባብዌ የተገኘውን ማስረጃ ልጨምር። ዝቫንዲሪ የተባለው ፕሮግራም ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ከ18 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ወጣቶችን አሠልጥኖና ከጤና ጣቢያዎች ጋር አገናኝቶ ቫይረሱ ያለባቸውን ታዳጊዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው እንዲደግፉ ያሰማራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት መሠረት ከ96 ሳምንታት በኋላ የቫይረስ መጠናቸው ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ወይም የሞቱ ታዳጊዎች፣ መደበኛ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው መካከል 36 በመቶ ሲሆኑ፣ የአቻ ድጋፍ ከታከለላቸው መካከል 25 በመቶ ነበሩ። ወጣቶቹ የነርሶችን ቦታ አልወሰዱም፤ አሳሳቢ ነገር ሲያዩ ወደ ባለሙያ ያስተላልፋሉ።

የታማሚ ልጅ እናት፦
ውጤቱ ደስ ያሰኛል። የእኔ ሥጋት ግን ስለ ደጋፊው ነው። ገና ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ የራሱን ሕመም ተሸክሞ የሌሎችን ሐዘን ሲሰማ ይውላል፤ ከሚደግፋቸው አንዱ ቢሞትበት ማን ያጽናናዋል? እርሱ ራሱ መድኃኒት መዋጥ ቢታክተውስ? አርአያ ተብሎ የተቀጠረ ሰው ሥራውን እንዳያጣ ድካሙን ይደብቃል፤ ልጄ በዚያ ቦታ ላይ ብትሆን እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሕፃናት ሐኪም፦
የዚምባብዌው ውጤት ሐሳቤን በከፊል አስለውጦኛል። ቅጥሩ የሚፈቀድ ከሆነ ግን እናታችን ስለ ጠቀሱት አደጋ ሲባል ሕመማቸው በሚገባ በቁጥጥር ሥር የዋለ ወጣቶች ብቻ ይመረጡ፤ የምርመራ ውጤታቸውም በየጊዜው ይታይ።

ከዓይነት 1 የስኳር በሽታ ጋር የምትኖር ወጣት፦
በዚህ አልስማማም፤ እናታችን የፈሩትን መደበቅ የሚያመጣው ይኸው ነውና። የደም ምርመራ የሥራ መመዘኛ ከሆነ ደጋፊው ውጤቱ ሲበላሽ ከክትትል ይሸሻል፤ እንከን የሌለው ታማሚ ብቻ ከተመረጠም የምትቸገረው ልጅ ከእርሱ ጋር የምትጋራው ነገር አይኖርም። እኔ የምለው፣ ደጋፊውን በየሳምንቱ የሚያነጋግረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይመደብለት፤ ይህ ባለሙያ ከሚያክመው ሐኪም የተለየ ይሁን፤ ውጤቱን አሠሪው አይይበት፤ ታምሞ በቀረባቸው ቀናትም ክፍያው አይቀነስበት ነው።