በዘጠኝ ሴንሰር የተሠራ የአየር ብክለት ካርታ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ከመስከረም ጀምሮ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር በሰቀልናቸው ዘጠኝ የፐርፕልኤር መሣሪያዎች ፒ ኤም 2.5 የሚባለውን ጥቃቅን ብናኝ ስንለካ ቆይተን፣ በመሣሪያዎቹ መካከል ያለውን ቦታ በክሪጊንግ (ያልተለካን ቦታ በዙሪያው ካሉት ልኬቶች በሚገምት ስሌት) ገምቼ ካርታ ሠራሁ። ካርታውን ለሰፈሩ ስብሰባ ባሳየሁ ጊዜ አንድ አባት ተነሥተው፣ አንድም መሣሪያ የሌለበትንና በካርታው ላይ አረንጓዴ የሆነውን መንደራቸውን በከዘራቸው ነክተው «እኛ ጋ ማታ ማታ ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ ዓይን አያስገልጥም፤ ይህ አረንጓዴ ከየት መጣ?» ሲሉ የምመልሰው አጣሁ። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው፣ ግምቱ በየቦታው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየው የስህተት ካርታ ይህን ዓይነቱን ጥርጣሬ ይይዛል ወይ? የኅዳር 12 ልኬትስ ከሌላው ቀን እጅግ ስለሚበልጥ ልሰርዘው?

መልስ፦ ባለ ቫሪዮግራሙ

አረንጓዴው የመጣው ከአማካዩ ነው። ክሪጊንግ ከመለኪያዎቹ እየራቀ በሄደ ቁጥር የሚይዘው ነገር ስለሌለው ወደ ጠቅላላው አማካይ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የአባታችን መንደር አረንጓዴ የሆነው ንጹሕ ሆኖ ሳይሆን ሳይለካ ቀርቶ ነው። የስህተት ካርታውም ቢሆን በዋናነት የሚነግርዎት ቦታው ከመሣሪያዎቹ ምን ያህል እንደራቀ ነው እንጂ እዚያ ያለው አየር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ አይደለም፤ ያውም ቫሪዮግራሙ (ልኬቶች በርቀት ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየው መስመር) ትክክል ነው ብሎ አምኖ። ይህ መስመር የሚወጣው መሣሪያዎቹን ጥንድ ጥንድ በማነጻጸር ሲሆን፣ ዘጠኝ መሣሪያ 36 ጥንድ ብቻ ይሰጣል፤ በተለምዶ ግን ለአንድ የርቀት ክፍል ብቻ 30 ያህል ጥንድ ይፈለጋል። ይልቅ ዘጠኙን ተራ በተራ እየደበቁ እያንዳንዱን በቀሩት ስምንት ይገምቱ። የሚወጣው ስህተት ሶፍትዌሩ ከሚለው ከበለጠ፣ ለስብሰባ መቅረብ ያለበት ይኸኛው ነው።

መልስ፦ መሣሪያ ጠጋኝ

ከካርታው በፊት መሣሪያው ራሱ ይጠየቅ። ከቤት ውጭ በሚሰቀለው ፐርፕልኤር ውስጥ ሁለት የሌዘር መለኪያዎች ስላሉ፣ ሁለቱ የተራራቁበትን ሰዓት ለይቶ ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው። መሣሪያው ብናኙን የሚመዝን ሳይሆን ብናኙ የሚበትነውን ብርሃን የሚያይ በመሆኑ፣ እርጥበት ሲበዛ ውኃ የጠጣው ብናኝ አብጦ ቁጥሩን ያጋንነዋል፤ በበጋ ደግሞ የኮረኮንች መንገዱ ሻካራ አቧራ በአብዛኛው ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታተመው ማስተካከያ ጥሬውን ቁጥር በ0.524 አባዝቶ፣ ከዚያ ላይ የአየሩን እርጥበት በ0.0862 አባዝቶ ቀንሶ፣ 5.75 ይደምራል፤ ብዙዎቻችንም እንዳለ እንገለብጠዋለን። ቀመሩ ግን የወጣው በዚያ አገር አየር ላይ እንጂ በእኛ የከሰልና የናፍጣ ጭስ ላይ አይደለም። ከተቻለ አንዱን መሣሪያ ደረጃውን ከጠበቀ መለኪያ ጎን ለጥቂት ሳምንታት አቁመው የራስዎን ቀመር ያውጡ፤ የቀመሩንም ስህተት ወደ ካርታው ይዘው ይሂዱ።

መልስ፦ ታሪክ ወዳድ

ኅዳር 12ን አይሰርዙ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ከመታ ወዲህ በዚያ ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስ ልማድ ሆኖ ስለቀረ፣ ያዩት ቁጥር የሴንሰር ብልሽት ሳይሆን እውነተኛ ጭስ ነው። ለተለመደ ቀን ከሚሠሩት ካርታ ያስወጡት፣ በጠቅላላው አማካይ ያስገቡት፤ የትኛውን እንዳደረጉም ከካርታው ግርጌ ይጻፉ።

መልስ፦ የኮዬዋ

እኔን የሚያሳስበኝ ያልተለካው ሰዓት ነው። በምኖርበት ኮንዶሚኒየም መብራት ሲጠፋ ምጣዱም ምድጃውም ስለሚቆም፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ኮሪደሩ ላይ የከሰል ምድጃ ይደረደራል፤ ሶኬት ላይ የተሰካው ሴንሰርም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ የጎደለው መረጃ በዕጣ የጎደለ ሳይሆን ጭሱ በበረታበት ሰዓት ተለይቶ የጎደለ ነው። ክፍተቱን በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታት አማካይ የሚሞላ ሰው ብክለቱን ከማሳነሱም በላይ ርግጠኝነቱን ያለ አግባብ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቢያንስ ሁለቱ መሣሪያዎች በፓወር ባንክ ይሥሩ። መብራት ባለበትና በጠፋበት ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ካወቁ በኋላ፣ የሌሎቹን ክፍተት በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚያ ልዩነት በዕጣ እየቀዱ 100 ጊዜ ይሙሉና 100 ካርታ ይሥሩ። ከ100ው ካርታ በስንቱ የብክለቱ ወሰን እንደታለፈ መቁጠር ለሰፈር ሰው ከስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይልቅ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ24 ሰዓት መመሪያ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ነው፤ ይህ ሁሉንም ሰፈር አንድ ቀለም ካደረገብዎ ከድርጅቱ የሽግግር ደረጃዎች ሦስተኛውን፣ 37.5ን ይሞክሩ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተራ በተራ ስደብቃቸው የገላን መንገዱ መሣሪያ በሌሎቹ ሲገመት ከትክክለኛው ግማሽ በታች ወጣ፤ የከባድ መኪናውን ጭስ ሌሎቹ አያውቁትማ። ከመሣሪያ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀውን ሁሉ ነጭ አድርጌ «አልተለካም» ብዬ ስጽፍበት የካርታው ግማሽ ያህል ነጭ ሆነ። ክረምቱ ገና ስላልተለካ «የዓመቱ» የሚለውን ቃል ከርእሱ አውጥቻለሁ። ሁለት ፓወር ባንክ ገዝቻለሁ፤ አንደኛው መሣሪያ በመጪው ቅዳሜ ወደ አባታችን አጥር ይዛወራል፣ ሶኬቱንም እሳቸው ፈቅደዋል።