የሙያ ማሻሻያ ዕቅዳችንን እንደ ቡድን ማዘጋጀት ይቻላል?

መምህርት፣ መሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። መንዝ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የትምህርት ክፍላችንን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዳስተባብር ተመድቤአለሁ። እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት መማር ይጠበቅበታል። መስከረም በመጣ ቁጥር አምስታችንም ዕቅድ እንጽፋለን፤ የአምስታችንም ዕቅድ «ተማሪን ያሳተፈ የማስተማር ዘዴን ማጎልበት» ይላል። ፋይሉ ይሞላል፣ ይታያል፣ ይፈረምበታል። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ግን ከሦስት ላይ ሰባት ሲቀነስ ዛሬም «አራት» ብለው ይመልሳሉ።

ተማሪ ሳለሁ መረብ ኳስ እጫወት ነበር። ያን ጊዜ ማንም ዕቅድ አምጪ ሳይለኝ ምን መለማመድ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አሁን ለምን ጠፋኝ? በቡድን የተጫወታችሁ ወይም ያሠለጠናችሁ ሰዎች፣ ከሜዳ ወደ ሥራችሁ ያመጣችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ያን ጊዜ ምን እንደሚለማመዱ የነገረዎት አጠገብዎ የቆመችው ልጅ ናት። ያቀበሏት ኳስ ሲያመልጣት ወዲያው ያውቁታል። በመረብ ኳስ አንድ ቡድን ያለው ሦስት ንክኪ ነው፤ የመጀመሪያው ከተበላሸ የሚያነሣው ተጫዋች ኳስ ፍለጋ ይሮጣል፣ የሚመታው ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ተቀባዩ የሚለማመደው ለሚያነሣው ብሎ ነው። የእናንተ አምስት ዕቅዶች ማን ለማን እንደሚያቀብል አይናገሩም። የዘጠነኛው መምህር የሚያቀብለው ለአሥረኛው አይደለም እንዴ? እኔ ብሆን አንድም ነገር ሳይጻፍ አምስታችሁን አስቀምጬ፣ «ልጆቹ ምን ይዘው ቢመጡልህ ትፈልጋለህ?» ብዬ እያንዳንዱን እጠይቅ ነበር። አሥረኛን የሚያስተምረው የሚሰጠው መልስ የዘጠነኛው መምህር ዕቅድ ይሁን።

የቦታ ልውውጡንም አይርሱት። ሰርቩን፣ ማለትም ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት፣ ከተጋጣሚ በነጠቅን ቁጥር ሁላችንም በሰዓት አቅጣጫ አንድ ቦታ እንዞራለን። መረቡ ሥር የሚያስፈራው ረጅም መቺ ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኳስ መቀበል ካልተለማመደ ተጋጣሚ ሰርቩን ሁሉ በእርሱ ላይ ያወርደዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብቻ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ምዕራፍ እንኳ ወደ ዘጠነኛ ወርዶ ያስተምር። ልጆቹ ከየት ጀምሮ እንደጠፉ በዓይኑ ያያል።

በጣም የምቆረቆርበት ግን የክፍል ምልከታው ነገር ነው። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውጭ ስንጫወት ኳሱን ያጣምመዋል። አንዱ ዙር ሲያልቅ ቡድኖች ጎን ስለሚቀያየሩ ነፋሱን መሸሽ አይቻልም፤ ልጆቼን የማለማምደውም በሚያስቸግረው ጎን ነው። መምህራን ሆነን ግን ባልደረባችን ገብቶ እንዲያየን የምንጋብዘው በደንብ በምንችለው ትምህርት ነው! ይህ ጊዜ ማባከን ነው። ልጆቹ በሚጠፉበት ትምህርት ይግባ፤ ከተቻለም መምህሩ ያችን ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች ማብራሪያ መጀመሪያ በባልደረቦቹ ፊት ይለማመዳት። ተመልካቹም ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ይናገር። አሠልጣኝ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በየጊዜው 30 ሴኮንድ ጨዋታ ያስቆማል። በዚያች ጊዜ አምስት ምክር የደረደረ አሠልጣኝ አንዱም አይሰማለትም። ገጽ ሙሉ ቅጽ ላይ ምልክት አድርጎ መስጠት መምህሩን አያሻሽለውም።

ጡረተኛ መምህር፣ አንኮበር

ልጄ፣ የደብረ ብርሃኑ መምህር መልካም ተናግሯል፤ በልውውጡ ላይ ግን አልስማማም። መረብ ኳስ ራሱ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊቤሮ የሚባል፣ የኋላውን መስመር ብቻ የሚጠብቅ ተጫዋች ፈቅዷል። ጀማሪዎችን በማስተማር የተካነ ሰው ካላችሁ እዚያው ይጽና፤ ሌሎቹ እየሄዱ ይዩት።

እኔ የማስበው የሞስኮ ኦሊምፒኩን የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ነው፤ 1972 ዓ.ም.። ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድር እና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ከፊት እየወጡ ፍጥነቱን ሲለዋውጡ ለተፎካካሪዎቻቸው ለፊንላንዶቹ ዕረፍት ነሷቸው። ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ ወሰዱ፤ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ። ለአራተኛ ሜዳሊያ የለም፤ ያ ሩጫ ግን የእርሱም ነበር። በእኛም ሙያ መልመጃውን አዘጋጅቶ ለሌላው የሚሰጥ፣ የጀማሪውን ክፍል ገብቶ የሚያግዝ ሰው ሞልቷል፤ ፋይሉ ላይ ስሙ የለም። አስተባባሪ ከሆንሽ ይህን አስተካክዪ። ለሌላው ያዋለው ሰዓት ከ60ው ይቆጠርለት።

ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት

እኛ ዘንድ አንድ ሰው ሥልጠና ይላካል፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል፣ የተማረው ከእርሱ ጋር ይቀራል። የወለደች እናት ደም ሲፈስሳት ግን አንዱ ማኅፀኗን ያሻል፣ አንዱ ማኅፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት ኦክሲቶሲንን ይወጋል፣ አንዱ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጥበትን መስመር ይከፍታል፣ አንዱ ሐኪም ይጠራል። ይህን በአሻንጉሊት ላይ አብረን፣ ቦታ እየተቀያየርን መለማመድ ከጀመርን ወዲህ አዲስ የተመደቡት እንኳ ግራ አይገባቸውም። አብረው የሚሠሩ ሰዎች አብረው ይማሩ፣ እህቴ። ሰዓቱን ከተረኛነት ጋር ማስታረቁ ነው ከባዱ።

መምህርት፣ መሐል ሜዳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የሰዓቱን ነገር በዕቅዱ ውስጥ እጽፈዋለሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ ቢቃወም አስረዳለሁ። ዘጠነኛን የሚያስተምሩት ሁለት ባልደረቦቼ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን በጋራ እንዲይዙ፣ አሥረኛን የማስተምረው እኔ ደግሞ ገብቼ እንዳያቸው አስቤአለሁ። የቀረኝ የጋራ ነፃ ክፍለ ጊዜ ነው፤ አምስታችንም በአንድ ሰዓት ነፃ የምንሆንበት ቀን በሳምንት ውስጥ የለም። የትምህርት ፕሮግራም አውጪውን አስማምቶ ይህን ያገኘ ትምህርት ክፍል ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው ይጻፍልኝ።