መስመሩን ማን ይዘርጋ? ማንስ ይክፈል?

አወያይ፦ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋዋት! አሁን ጭቅጭቁ ሽቦው ላይ ነው። ማስተላለፊያ መስመር መንግሥት ብቻውን ይዘርጋ ወይስ ለግል ይከፈት?

ሄኖክ፦ ይከፈት እንጂ! ብድር እየጠበቅን እስከ መቼ? የግሉ ገንዘቡን አምጥቶ ይዘርጋ፣ መንግሥት በየዓመቱ ይክፈለው። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ከወጣ እኮ ከ2010 ጀምሮ ነው።

ወይንሸት፦ ሄኖክ፣ ጎረቤት እይ። ኬንያ ይህንኑ ለህንዱ ኩባንያ ለአዳኒ በ736 ሚሊዮን ዶላር ሰጥታ፣ ፕሬዚዳንት ሩቶ ኅዳር 2017 ላይ ሰረዙት። ደግሞስ ክፍያው በዶላር ከሆነና ብር ከወረደ ማን ይሸከማል? እኔና አንተ፣ በቆጣሪያችን።

ሄኖክ፦ ውሉ በግልጽ ጨረታ ይሁን ነው የምለው። አንድ ውል ስለተበላሸ ጭራሽ አንፈርም?

ከዳላስ፦ እዚህ ቴክሳስ ነፋሱ ምዕራብ፣ ሰዉ ምሥራቅ ነው። አንዱ መስመር ከሌለ አላመነጭም፣ ሌላው ማመንጫ ከሌለ አልዘረጋም ይል ነበር። በ2005 (በፈረንጅ) ሕግ ወጣ፤ ግዛቱ ነፋስ ያለበትን ቀጠና መርጦ መስመሩ ይቅደም አለ። የዘረጉት ኩባንያዎች ናቸው። 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማው ግን የሁላችንም ቢል ላይ ተከፋፈለ። 

ብርቱካን፦ እናንተ ስለ ቢል ታወራላችሁ። አባቴ እርሻ ላይ ታወር ቆሟል። ቤቱ ግን ኩራዝ ነው።

ኢንጂነሩ፦ እህቴ፣ ከ500 ኪሎ ቮልት ላይ ቀጥሎ ቤት ማብራት አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ ተሠርቶ ወደ 33 ወይም 15 መውረድ አለበት። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ የሚሄደው ደግሞ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከመሃሉ መቀነስ የባሰ ጣጣ አለው።

ብርቱካን፦ እኔ ገባኝ። አባቴን አንተ አስረዳልኝ! ሌሊት የታወሩን ብረት የሚፈታ ሌባ ቢያይ ለምን ብሎ ይጮሃል? መስመር ሲታቀድ በሥሩ ላሉት ቀበሌዎች ጣቢያውም አብሮ በጀት ይያዝለት። ካሳ ለሰብልና ለዛፍ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል።

ወይንሸት፦ ይሄ ልክ ነው። ሄኖክ፣ የግል ባለሀብትህ ይህን ጣቢያ ይሠራል?

ሄኖክ፦ ትርፍ ስለሌለው አይሠራም፤ አልዋሽሽም። እሱን መንግሥት ይሥራ። ግን ከየት አምጥቶ?

ብርቱካን፦ ለኬንያና ለጅቡቲ ከሚሸጠው።

ኢንጂነሩ፦ እሱ ዶላር እኮ ብድር ይጠብቀዋል።

ብርቱካን፦ ሁሉንም አላልኩም። ከመቶ ብር አምስቱ ለጣቢያው ቢቀር አበዳሪው ይከሰናል?