ስሜን በጥምዝ ፊደል ብጽፈው ሰርች ላይ ጠፋሁ

ሰማያዊ ብዕር፦
ሰላም ነው? እባካችሁ እህታችሁን አስረዷት። ፕሮፋይሌ ላይ ያለውን ስሜን ከነዛ ኮፒ ፔስት ከሚደረግባቸው ሳይቶች ባንዱ ጥምዝምዝ ባለ የእንግሊዝኛ ፊደል ቀየርኩት፣ እኔ ጋ በጣም ያምራል ግን አንዷ ጓደኛዬ ብትፈልገኝ ብትፈልገኝ አልመጣ አልኳት፣ ሌላዋ ደግሞ ስልኳ ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚታያት፣ ስክሪንሾቱን ስትልክልኝ በሳቅ ሞትኩ 😂 ስሜ የሚጀምርባት ኤች ደሞ ከሌሎቹ ለየት ብላ ቀጠን ትላለች። ሳይቱ ላይ በአማርኛ ስጽፍለት ደግሞ ጭራሽ እንዳለ ይመልስልኛል። ስልኬ ነው ወይስ ፎንቱ?

ቁልፍ ጫኝ፦
ፎንት ይሉታል እንጂ ፎንት አይደለም እኮ። ሳይቱ ፊደልሽን አላስጌጠውም፣ በሌላ ምልክት ነው የተካው። ሒሳብ ላይ ደማቁ ኤ እና ተራው ኤ የተለያየ ነገር ስለሚወክሉ በፈረንጆቹ 2001 ዩኒኮድ (ለየፊደሉና ለየምልክቱ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ውስጥ ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ወደ 1000 የሚጠጉ ናቸው፣ እኛ ነን ወስደን ባዮ ማድመቂያ ያደረግናቸው። ላንቺ አይን ያው ፊደል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ቁጥር ስለሆነ ሰርቹ አያገኝሽም (ወደ ተራው ፊደል መልሰው የሚፈልጉ አፖች አሉ፣ ሁሉም ግን አያደርጉትም)። ሳጥኑ የጓደኛሽ ስልክ እነዛ ምልክቶች ያሉበት ፎንት ስለሌለው ነው። ኤቿ ደግሞ ጥሩ አየሻት! ጥምዟ ኤች ሌሎቹ ከመግባታቸው በፊት በሌላ ቦታ ገብታ ስለነበር ድጋሚ አልሰጧትም፣ ቦታዋ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ስልክሽ እሷን ብቻ ከሌላ ፎንት እያመጣ ይሆናል።

በጆሮ አንባቢ፦
እኔ አይነስውር ነኝ፣ ስልኬን በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ) ነው የምጠቀመው። እንደዚህ የተጻፈ ስም ሲመጣ ምን እንደምሰማ ታውቃላችሁ? «ማቴማቲካል ቦልድ ስክሪፕት ካፒታል ኤስ» ብሎ ይጀምርና እያንዳንዷን ፊደል እንደዛ እያለ ይቀጥላል፣ እስኪጨርስ የመጀመሪያዋን ረስቻታለሁ። ይሄ እንኳን ደህና ነው፣ አንዳንዴ ጭጭ ብሎ ያልፈዋል፣ ኮመንት መጥቶልኝ ማን እንደጻፈው ሳላውቅ የቀረሁበት ጊዜ አለ። ስም ላይ ባታደርጉት ደስ ይለኛል።

ዝም አልልም፦
እሺ ግን ማጌጥ ክልክል ነው እንዴ? 😅 ስሟን በተራ ፊደል ትጻፍና ባዮ ላይ አንድ ሁለት ቃል ብታሳምር ምን ችግር አለው፣ ሙሉ ፖስት በዛ የሚጽፉት ናቸው የሚያደክሙኝ። አማርኛው የማይለወጥልሽ ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ባንድ መልክ ብቻ ስለገባ ነው፣ ጥምዝ ወይ ደማቅ የሚባል ቅጂ የለውም፣ ሳይቱ ከየት ያምጣው። ስሩ ወይ መሀሉ የተሰመረበት አማርኛ ካየሽ እሱ ከየፊደሉ ኋላ የተለጠፈ ሌላ ምልክት ነው። ቻት ላይ ከሆነ ግን ዋትሳፕ ላይ ከቃሉ ፊትና ኋላ ኮከብ አድርጊበት፣ አማርኛውም ይደምቃል ፊደሉም አይነካም።

ሰማያዊ ብዕር፦
በጆሮ አንባቢ ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄን በጭራሽ አስቤው አላውቅም። አሁኑኑ ልመልሰው ብዬ ስገባ አፑ ስምሽን በቅርቡ ስለቀየርሽ ትንሽ ቀን ጠብቂ አለኝ 😭 እስከዛ በሳጥን ስም እኖራለሁ።