ከጋላክቲክ ሲቪላይዜሽንስ ማስፋፊያዎች የትኛው ያዋጣል?

በሕዋ ላይ መንግሥት እየገነቡ እንደ ገበጣና እንደ ሰንጠረዥ ተራ በተራ የሚጫወቷቸውን የኮምፒውተር ጨዋታዎች የሚወዱ ጓደኞቼ ከእነዚህ አንዱ ስለሆነው «ጋላክቲክ ሲቪላይዜሽንስ» «የትኛውን ማስፋፊያ (በዋናው ጨዋታ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ይዘት) ልግዛ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ በቃል ስደጋግመው የኖርኩትን መልስ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ «ጋላክቲክ ሲቪላይዜሽንስ 2»ን ከሁለቱ ማስፋፊያዎቹ ጋር፣ አዲስና ጉልበት ያለው ከሆነ ደግሞ ሦስተኛውን ክፍል «ክሩሴድ» ከተባለው ማስፋፊያ ጋር ግዙ። ማስፋፊያ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አዲስ መንኮራኩርና አዲስ ሥዕል ነው፤ እኔ ግን የምመዝነው ዋናው ጨዋታ የጎደለውን ሞልቶለታል ወይ በሚለው ነው።

ሁለተኛው ክፍል የሚሺጋኑ ስታርዶክ ኩባንያ በ2006 ያወጣው ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታው ግሩም ሆኖ ሳለ አንድ ትልቅ ሕመም ነበረበት፦ ሊሰፈርበት የሚችል ፕላኔት ሁሉ ቀድሞ ለደረሰ ክፍት ስለነበረ፣ ገና ከጅምሩ ሰፋሪ የጫኑ መንኮራኩሮችን አብዝቶ የለቀቀ ተጫዋች የቀረውን ጨዋታ ከሞላ ጎደል አሸንፎ ይጨርሰው ነበር። በ2007 የወጣው «ዳርክ አቫታር» የፈወሰው ይህንን ነው። ከባቢ አየራቸው መርዛማ የሆነ፣ ጨረር የበዛባቸው፣ በውኃ የተሸፈኑ ወይም ስበታቸው የከበደ ፕላኔቶችን አስገብቶ፣ በእነርሱ ላይ ለመስፈር ተገቢውን ምርምር አስቀድሞ ማጠናቀቅን ግዴታ አደረገ። በዚህም የተነሣ የመሬት ሽሚያው በአንድ ትንፋሽ ማለቁ ቀርቶ እስከ ጨዋታው አጋማሽ ይዘልቃል፤ ዛሬ አይጠቅምም ብላችሁ ያለፋችሁት ፕላኔት ቆይቶ ከጎረቤት ጋር የሚያዋጋ ይሆናል።

ስለላውም በዚሁ ማስፋፊያ ነፍስ ዘርቷል። ቀድሞ ገንዘብ መድቦ መረጃ ከመጠበቅ ያለፈ ፋይዳ አልነበረውም፤ አሁን ግን ሰላይ አሠልጥናችሁ በባላጋራችሁ ፕላኔት ላይ ባለ ፋብሪካ ወይም ቤተ ሙከራ ስታስቀምጡት ያ ተቋም ሥራ ያቆማል፣ ባላጋራችሁም እርሱን ለማስወጣት የራሱን ሰላይ መሠዋት ይኖርበታል። ኮምፒውተሩ በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም፤ ገና ባልጠነከረ መንግሥት ላይ ሰላይ በሰላይ ላይ ሲልክ ግምጃ ቤቱ እንዴት እንደሚራቆት በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። በተጨማሪም ማዕድን የሚወጣባቸው አስትሮይዶች ገብተዋል፣ ለየሥልጣኔውም ልዩ ችሎታ ተሰጥቶታል፤ ለምሳሌ ከሁለቱ አዳዲስ ሥልጣኔዎች አንዱ የሆኑት ኮራዞች የፕላኔቱን ነዋሪ ጦር ሳያሰፍሩ የሚፈጁበት መሣሪያ ሲኖራቸው፣ የሰው ልጅ ደግሞ የሚበልጠው በዲፕሎማሲ ነው።

የ2008ቱ «ትዋይላይት ኦፍ ዘ አርኖር» በስፋት ይበልጠዋል። 12ቱም ሥልጣኔዎች የየራሳቸው የምርምር መስመር አላቸው፤ ፀሐይን ከነፕላኔቶቿ የሚያጠፋ መሣሪያም አለው፣ ምንም እንኳ እኔ እስከዚያ ድረስ የሄድኩት ከጉጉት የተነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም። ለጀማሪ ግን በዚህ መጀመርን አልመክርም፤ በአንዱ ሥልጣኔ የተማራችሁት የምርምር ቅደም ተከተል ለሌላው ስለማይሠራ ሥልጣኔ በቀየራችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ትደናገራላችሁ። ዋናው ጨዋታና ሁለቱ ማስፋፊያዎች «አልቲሜት ኤዲሽን» በሚል ጥቅል በአንድነት ስለሚሸጡ፣ ጥቅሉን ገዝቶ አንድ ሁለት ጨዋታ በ«ዳርክ አቫታር» ከተጫወቱ በኋላ ወደ «ትዋይላይት» መሻገር ይሻላል። የጥቅሉ ጉድለት ከጓደኛ ጋር በኔትወርክ መጫወት አለመቻሉ ነው፤ ይህ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ወደ ሦስተኛው ክፍል ይሂድ።

ሦስተኛው ክፍል በ2015 ሲወጣ የሚሠራው በ64 ቢት ዊንዶውስ ብቻ ነበር፣ ራምም በደንብ ይበላል። ያለ ማስፋፊያ የተጫወተው ሰው ደረቅ ነው ቢል አልፈርድበትም፤ የፕላኔቶችን ምርት በአንድ ክብ መቆጣጠሪያ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ መዋል አስተዳደር ሳይሆን ሒሳብ ይመስል ነበር። የ2017ቱ «ክሩሴድ» ያንን መቆጣጠሪያ አስወግዶ በምትኩ ዜጎችን አመጣ፦ በየተወሰነ ተራ የምታገኙትን አንድ ዜጋ ሳይንቲስት፣ መሐንዲስ፣ ገበሬ፣ ሰላይ ወይም ወታደር ልታደርጉት ትችላላችሁ። ወራሪ ጦር የሚመለመለውም ከእነዚሁ ስለሆነ ለጦርነት የሰጣችሁት ሰው ከምርምሩ የጎደለ ነው፤ ውሳኔው ይከብዳል፣ ጨዋታውም የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

የቀሩት ማስፋፊያዎች ይቆዩ። የ2016ቱ «መርሰናሪስ» ለቅጥር የሚቀርቡ መንኮራኩሮችን ከማምጣት ያለፈ ትልቅ ለውጥ የለውም። የ2018ቱ «ኢንትሪግ» የመንግሥት ዓይነቶችንና ምርጫን፣ የ2019ኙ «ሬትሪቢውሽን» ደግሞ ጉዞ የሚያፋጥኑ መተላለፊያዎችንና ለአዳዲስ ሰፈራዎች ምርት የሚያጓጉዙ መንኮራኩሮችን ጨምረዋል፤ «ሬትሪቢውሽን»ን ቅናሽ ሲደረግበት ብታገኙት አይቆጫችሁም። ከዚሁ ዓይነት ሌላ ጨዋታ የሆነው፣ የፓሪሱ አምፕሊቱድ ስቱዲዮ የሠራው «ኤንድለስ ስፔስ 2»ም በመልክ ከሁሉም ያምራል፤ ይሁንና ከማስፋፊያዎቹ አንዱ የሆነው «ፔነምብራ» ያመጣው የባላጋራን ኔትወርክ ሰብሮ የመግባት (ሃኪንግ) ጨዋታ ለእኔ ትኩረት ከመሻማት በቀር የሰጠኝ ደስታ ስለሌለ፣ ዋናውን ብቻ መግዛት ይበቃል።

ስለ ግዢው አንድ ነገር ላክል። የሁለተኛው ክፍል ዲስክ ገና ሲወጣም የቅጂ መከላከያ አልነበረበትም፤ ዛሬም ጥቅሉን ጎግ (GOG) ከተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር የገዛ ሰው የመጫኛውን ፋይል አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ ስለሚችል ለመጫወት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መብራት በድንገት ቢጠፋም፣ በየጥቂት ተራው ሴቭ እስካደረጋችሁ ድረስ፣ የምታጡት ሁለት ሦስት ተራ ነው።